እርጉዝ ነሽ፣ ድካሙም በርትቷል? የደም ማነስ ምርመራ እንዲህ ይደረጋል

እርጉዝ ሴት «ደከመኝ» ስትል መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። «እርግዝና ነዋ!» ባል ይላታል፣ ጎረቤት ይላታል፣ አንዳንዴ ባለሙያም ይላታል። አልተሳሳቱም፣ እርግዝና ያደክማል። ችግሩ ደም ማነስም የሚያደክመው በዚያው መንገድ መሆኑ ነው። ሁለቱን ቁጭ ብሎ በስሜት መለየት አይቻልም። የሚለያቸው አንድ ቁጥር ነው፣ የሄሞግሎቢን መጠን፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ስንት እንደሆነ። ያንን ቁጥር እንዴት እንደምታገኚ፣ ስታገኚውም እንዴት እንደምታነቢው ልንገርሽ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ወረቀትሽን የምትሰጪባት ጠባብ መስኮት አለች አይደል? ከጀርባዋ ያለሁት እኔ ነኝ። ሳረግዝ ደግሞ ከመስኮቷ ማዶ ወረፋ ይዣለሁ። ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ።

የትኛው ድካም ነው የሚያሳስበው?

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተቀምጠሽ ብታንቀላፊ አይገርምም። አብዛኛዋ ሴት አራተኛው ወር ላይ ነቃ ትላለች። መጨረሻው አካባቢ ሆድ ሲገፋ ድካሙ ይመለሳል። መሃል ላይ ቀለል ማለት ሲገባው እየባሰ ከሄደ ግን ልብ በይ።

የኮንዶሚኒየም ደረጃ ጥሩ መለኪያ ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ አንዴ አርፈሽ ትወጪ የነበርሽ ሴት አሁን በየፎቁ ግድግዳ ከያዝሽ፣ ልብሽ ጆሮሽ ድረስ ከመታ፣ ብድግ ስትዪ ዓይንሽ ከጨለመ፣ ያ ተራ እንቅልፍ የሚፈታው ድካም አይደለም። ራስ ምታት፣ የጆሮ ጩኸት፣ ማታ አላስተኛ የሚል የእግር መቁነጥነጥም አብረው ሊመጡ ይችላሉ።

አንድ ሌላ ምልክት አለ፣ ሴቶች የሚደብቁት። አፈር ማማር። ከሰል፣ ኖራ፣ በረዶም የሚያምራቸው አሉ። እኔን በዝናብ የራሰ አፈር ሽታ ያቁነጠንጠኝ ነበር፣ ሐምሌ ላይ ደጅ ወጥቼ አየር እየሳብኩ እቆም ነበር። «አምሮት ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ይታለፋል እንጂ አፈር ማማር ከብረት ማነስ ጋር አብሮ የሚታይ ነገር ነው። አዋላጇ ስትሰማው አትስቅብሽም። እንዲያውም ቶሎ ወደ ምርመራ ትልክሻለች። አፈሩን ግን አትብዪው፣ የትል እንቁላል ይኖረዋልና።

እቤት ሆነሽ ትንሽ ማየት ትችያለሽ። በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ቁሚ። የታችኛውን የዓይንሽን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጊና ውስጡን በመስታወት ተመልከቺ። ቀላ ማለት አለበት። መዳፍሽን ደግሞ ከእህትሽ ወይም ከጓደኛሽ መዳፍ ጎን አድርጊው። ፊት ላይ አትፈልጊው፣ በእኛ ቆዳ ፊት ብዙም አይናገርም። መንጣቱ በግልጽ ከታየሽ ዛሬውኑ ሂጂ። ካልታየሽ ግን ነጻ ነኝ አትበዪ፣ ቀለል ያለ ደም ማነስ በዓይን አይያዝም።

የደም ግፊት መለኪያም ይህንን አያሳይም። ክንድሽ ላይ ታስሮ «90 በ60 ነው» ከተባልሽ የተለካው ግፊት ነው። ግፊቷ ዝቅ ያለ ደሟ ግን ሙሉ የሆነ ሴት አለች፣ ግፊቷ ደህና ሆኖ ደሟ ያነሰም አለች። «ፕሬዠርሽ ደህና ነው» ተብለሽ ብቻ አትመለሺ።

የት ሄደሽ ምን ትያለሽ?

አጭሩ መንገድ ክትትል የምታደርጊበት ጤና ጣቢያ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነጻ ነው። ገጠር ካለሽ ከጤና ኬላ ጀምሪ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዓይንሽንና መዳፍሽን አይታ፣ ክኒን ሰጥታ፣ ለላቦራቶሪ ወደ ጤና ጣቢያ ትልክሻለች። ክትትል ካልጀመርሽ ይኸው ምክንያት ተገኘ። የመጀመሪያው ቀጠሮ 12 ሳምንት ሳይሞላ እንዲሆን ይመከራል፣ በእርግዝናው ጊዜ ሁሉ ደግሞ 8 ጊዜ መታየት።

ሄሞግሎቢን በመጀመሪያው ቀጠሮ ይለካል፣ ኋላ ላይም ይደገማል። በሁለት ቀጠሮ መሃል ድካሙ ከበረታብሽ ግን ቀኑን አትጠብቂ። ስትገቢ «ደክሞኛል» ብቻ ካልሽ መልሱን ታውቂዋለሽ። እንዲህ በይ፦ «ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ያዞረኛል። ሄሞግሎቢኔ ይታይልኝ።» ከእርግዝናው በፊት በወር አበባ ብዙ ደም ይፈስሽ ከነበረ፣ ልጆችሽ ተቀራርበው የተወለዱ ከሆነ፣ መንታ ካረገዝሽ፣ ከቆላ አካባቢ ከመጣሽ ወይም በቅርቡ ወባ ታመሽ ከነበር ይህንንም ጨምሪበት።

ቁርስ በልተሽ ሂጂ። ይህን የምለው ጾማቸውን መጥተው ወረፋ ላይ የሚወድቁ ስላሉ ነው። ለሄሞግሎቢን ምርመራ ሆድ ባዶ መሆን አያስፈልግም። የስኳር ምርመራ አብሮ ከታዘዘልሽ ብቻ አስቀድመሽ ጠይቂ። ውሃም ጠጪ። ሲያስመልስሽ ሰንብቶ ሰውነትሽ ከደረቀ ደምሽ ስለሚወፍር ቁጥሩ ካለው በላይ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ማስመለሱን ንገሪያቸው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከደረስሽ ወረፋው ይሻላል። የእናቶች ካርድሽን አትርሺ።

ከመስኮቱ ወዲህ

ደሙ የሚወሰደው ከጣት ወይም ከክንድ ነው። ከጣት ከሆነ የመሃለኛውን ወይም የቀለበት ጣትሽን እይዛለሁ። አዲስ አበባ ጠዋት ትበርዳለች፣ እጅሽ ከቀዘቀዘ ደሙ አልወጣም ይላል። ወረፋ ላይ ሳለሽ እጅሽን አሻሽተሽ አሙቂው፣ ለሁለታችንም ይቀላል። የመጀመሪያዋን ጠብታ እጠርጋታለሁ፣ ቀጣዩን እወስዳለሁ። ጣትሽን አጥብቄ አልጨምቅም። ሲጨመቅ ከሥጋው ውሃ አብሮ ወጥቶ ደሙን ያቀጥነዋል፣ ቁጥሩም በውሸት ይወርዳል። ጣትሽን እንደ ሎሚ የሚጨምቅ ካጋጠመሽ «ሌላ ጣት ይሁን» ማለት መብትሽ ነው።

ከክንድ ከሆነ ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ትንሽ ቲዩብ ውስጥ ይገባል። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ደም ነው። «ደም አንሶኛል እያልኩ ትቀዱብኛላችሁ?» የምትለኝ አትጠፋም። አይዞሽ፣ ያቺ አይጎዳሽም። ቲዩቡ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል አለ፣ ስለዚህ እንደተቀዳ ቀስ ተደርጎ ደጋግሞ መገለባበጥ አለበት። ከረጋ ውጤቱ አይታመንም፣ ድጋሚ እንጠራሻለን። ድጋሚ ስትጠሪ በሽታ ተገኘብኝ ብለሽ አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ የረጋ ደም ነው።

«ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) የለም» ወይም «ማሽኑ ተበላሽቷል» ልትባዪ ትችያለሽ። ያጋጥማል። ያኔ «ሄማቶክሪትስ ይሠራል?» ብለሽ ጠይቂ። ሄማቶክሪት ብዙ ነገር አይፈልግም። 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል የምትሆን ቀጭን የመስታወት ቱቦ ደም ይሞላባታል፣ አንድ ጫፏ ይደፈናል፣ ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል በኃይል ትሽከረከራለች። ስትወጣ ቀዩ ታች ተጠቅጥቆ፣ ቢጫው ውሃ ላይ ቀርቶ ታያለሽ። ቀዩ ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ይነበባል። በእርግዝና 33 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ደህና ይባላል። ለ3 ብታካፍዪው ወደ ሄሞግሎቢንሽ ትቀርቢያለሽ። ይህም ከሌለ ወረቀት ጽፈው ወደ ግል ላቦራቶሪ ይልኩሻል። እዚያ «ሲቢሲ» በይ፣ ሙሉ የደም ቆጠራ ማለት ነው።

ቁጥሩን ተቀበዪ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሴት የምትሸወደው እዚህ ነውና። ካርድ ላይ «ኖርማል» ተብሎ ተጽፎ ከተሰጠሽ አትውጪ። ቁጥሩ ስንት ነው በይ። ከነቀኑ ስልክሽ ላይ ጻፊው ወይም ወረቀቱን ፎቶ አንሺው።

በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሄሞግሎቢን ከ11 (ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። በመሃለኞቹ ሦስት ወራት ድርጅቱ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ወሰኑን 10.5 አድርጎታል። በእርግዝና የደሙ ውሃ ከቀይ ሕዋሱ ይበልጥ ስለሚጨምር መሃል ላይ ትንሽ መውረድ ይጠበቃል። ወጡ በውሃ በዛ እንጂ በርበሬው በዚያው ልክ አልጨመረም እንደማለት ነው። ከ7 በታች ግን በየትኛውም ወር ከባድ ነው። አንዳንድ ማሽን 11ን 110 ብሎ ያወጣል፣ ያው ነው፣ መለኪያው ነው የተለየው።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ተጨማሪ ቀይ ሕዋስ ይሠራል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ እዚህ የተለካ ቁጥር አንድ ግራም ገደማ፣ እንዲያውም በአዲሱ መመሪያ 1.4 ተቀንሶለት ነው የሚነበበው። ሁለት ሴቶች ሰባተኛ ወራቸው ላይ 11.6 ወጣላቸው እንበል። አንዷ ጋምቤላ ትኖራለች፣ ቆላ ነው፣ ብዙ የሚቀነስ የለም፣ ደህና ናት። ሌላዋ አዲስ አበባ ናት፣ ሲቀነስ ከ11 በታች ትወርዳለች። ወረቀታቸው አንድ፣ ደማቸው ሁለት። ደብረ ብርሃን ያለችው ደግሞ የባሰ። እና ቁጥርሽ 11 ላይ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ከተንጠለጠለ፣ ድካሙም ካለ፣ «ከፍታው ታስቧል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ጥያቄው ባለሙያን አያስቀይምም። ካስቀየመም ይቀየም።

ሲቢሲ ከተሠራልሽ ሌላ ጠቃሚ ቁጥር አለበት፣ ኤምሲቪ ይባላል። የቀይ ሕዋሱን መጠን ያሳያል። ከ80 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ከ100 በላይ ከሆነ የፎሌት ወይም የቢ12 ቫይታሚን እጥረት ሊሆን ይችላል። ሄሞግሎቢንሽ ወሰኑ ላይ ሆኖ ድካሙ አልለቅ ካለ፣ አቅም ካለሽ ፌሪቲን አስመርምሪ። የብረት መጋዘንሽን ነው የሚያሳየው፣ አብዛኛውን ጊዜ በግል ላቦራቶሪ ነው የሚገኘው። ከ30 በታች ከሆነ መጋዘኑ እየተሟጠጠ ነው። ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ካለብሽ ግን በውሸት ከፍ ይላል፣ ድነሽ ሂጂ።

ደም ማነስ ከተገኘ ምክንያቱም ይፈለግ። የሰገራ ምርመራ ለትል፣ ከቆላ ከመጣሽ የወባ ምርመራ፣ የቆየ የጨጓራ ሕመም ካለሽ እሱንም አንሺው። የትል መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይሰጥም፣ ከዚያ በኋላ በባለሙያ ትእዛዝ ነው። ከፋርማሲ ራስሽ ገዝተሽ አትዋጪ።

ቁጥሩ ደህና ሆኖ ድካሙ ካለስ? የሽንት ኢንፌክሽን፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ጭንቀትና የድባቴ ስሜት አሉ። ወደ አዋላጇ ተመለሺና «ደሜ ደህና ነው፣ ድካሙ ግን አለ» በያት።

ክኒኑና ቡናው

በክትትል የሚሰጠው አይረን ፎሌት 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው፣ በቀን አንድ ነው። ደም ማነስ ከተገኘብሽ ሐኪሙ መጠኑን ያሳድገዋል። ስንቷ ናት ክኒኑን ተቀብላ ቁም ሣጥን ላይ የምታስቀምጠው! ምክንያቱም ይገባኛል። ያቅለሸልሻል፣ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል። የሰገራው መጥቆር ክኒኑ ነው፣ አትፍሪው። ለማቅለሽለሹ ማታ ልትተኚ ስትዪ ዋጪው። ለድርቀቱ ውሃ፣ ጎመን፣ ተልባ። ካልተቻለሽ አትተዪው፣ ይቀየርልኝ በይ። ልጅ ካለሽ እቃውን ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ፣ የብረት ክኒን በብዛት ከተዋጠ ሕፃን ይገድላል።

ቡናና ሻይ የብረቱን መመጠጥ ክፉኛ ይቀንሳሉ። ከምሳ በኋላ የሚፈላው ቡና እንግዲህ ሊቀር ነው? አይቀርም። ከምግቡም ከክኒኑም አንድ ሁለት ሰዓት ራቅ ይበል፣ ነፍሰ ጡር ነሽና ከአቦልና ቶና አንዱን ምረጪ። የጨጓራ ማስታገሻና የካልሲየም ክኒንም ከብረት ክኒን ጋር አብረው አይዋጡ። ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ከክኒኑ ጋር ቢመጣ ጥሩ ነው፣ ቫይታሚን ሲ መመጠጡን ያግዘዋል።

ቀይ ሥር? እናቴ በጀግ ጨምቃ ታመጣልኝ ነበር፣ እኔም ጠጥቻለሁ፣ እናት አትከፋም። ነገር ግን ቀለሙ ቀይ ሆነ እንጂ ብረቱ ጥቂት ነው። ክኒን አይተካም። ጤፍ ላይም ኩራታችን ትንሽ ይለዝብ። ብረት አለው፣ ይሁንና ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ ያም በቀላሉ አይመጠጥም። የእንጀራው መቡካት ግን ይረዳል። ምስርና ሽሮ ከቲማቲምና ቃሪያ ጋር ይሻላሉ። የሥጋ ብረት ከሁሉም በቀላሉ ይመጠጣል፣ ግን በስሎ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ እስክትወልጂ ይቆዩ። ጉበትም ብረት ቢኖረውም ቫይታሚን ኤው ስለሚበዛ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይዘውተር። የምትጾሚ ከሆነ የሄሞግሎቢን ቁጥርሽን ይዘሽ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። በሙስሊም እህቶችም በኩል በረመዳን ለነፍሰ ጡር ፈቃድ አለ።

ሁለተኛው ቁጥር

ሕክምና ከጀመርሽ ወር አካባቢ ሲሆን ተመልሰሽ ተለኪ። በደንብ ከዋጥሽ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ አንድ ግራም ያህል ከፍ ማለት አለበት። በተቻለ መጠን እዚያው ላቦራቶሪ ይሁን፣ ማሽን ከማሽን ይለያያል። ካልጨመረ ወይ ክኒኑ አልተዋጠም፣ ወይ ከቡና ጋር ተጣልቷል፣ ወይ ደም የሚያፈስ ወይም ሌላ ነገር አለ። ወደ ሆስፒታል ሪፈር ማለት ያኔ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ብረትም አለ፣ በሐኪም የሚወሰን ነው። ድካሙ የሚቀለው ቁጥሩ ሙሉ ሳይደርስ ስለሆነ «ተሻለኝ» ብለሽ አታቋርጪ።

ቁጭ ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ደም ከፈሰሰሽ ግን ወረፋም ላቦራቶሪም አትጠብቂ። በቀጥታ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከ7 በታች የሆነች ሴት ደም ሊሰጣት ይችላል፣ በተለይ ምጡ ከተቃረበ። በአገራችን እናቶችን በወሊድ ከሚነጥቁት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ የደም መፍሰስ ነው፣ ደሟ ያነሰች ሴት ደግሞ ያንን የምትቋቋምበት ስንቅ የላትም። የሚወለደውም ልጅ ያለቀኑ ወይም ቀልሎ ሊመጣ ይችላል።

ብቻሽን እንዳልሆንሽም እወቂ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከነፍሰ ጡሮች 29 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው።

ከወለድሽ በኋላም ክኒኑ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ይቀጥላል። በምጥ ጊዜ ብዙ ደም ከፈሰሰሽ ከሆስፒታል ሳትወጪ፣ ካልሆነም ሕፃኑን ለ6ኛው ሳምንት ክትባት ስታመጪ፣ ሄሞግሎቢንሽ አንዴ እንዲታይ ጠይቂ። የዚያን ቀን ሁሉም ልጁን ነው የሚያየው፣ አንቺ ካልጠየቅሽ የሚያስታውስልሽ ላይኖር ይችላል።